«ተአምር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ ለወጣት የስፖርት ጋዜጠኞች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የጣሊያን ከፍተኛ ሊግ ሴሪ ኣ ወደ ማብቂያው ሲቃረብና ሁለት ቡድኖች በአንድ ነጥብ ልዩነት ሲተናነቁ፣ ብዕራችሁ ወደ መጨረሻው ቀን ጎልና ወደ ዳኛው ፊሽካ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርኩ። ሄላስ ቬሮና እ.ኤ.አ. በ1984/85 ሻምፒዮን ስለሆነበት የውድድር ዘመን ስጽፍ «ተአምር» የሚለውን ቃል ከርዕሱ ጀምሬ ደጋግሜዋለሁ። ዛሬ ያ ቃል ይቆጨኛል።

በዚያ ዓመት ማራዶና ናፖሊን ተቀላቅሎ ነበር፤ ፕላቲኒ በጁቬንቱስ፣ ዚኮ በኡዲኔዜ፣ ፋልካኦ በሮማ፣ ሩሜኒገ በኢንተር ይጫወቱ ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ግን ከዚያ በፊት አግኝቶት የማያውቀው፣ ከዚያም ወዲህ ያልደገመው ቬሮና ነው። ታሪኩን ከዚህ ከጀመራችሁት በእርግጥ ተአምር ይመስላል።

ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመለሱና ተመልከቱ። አሰልጣኙ ኦስቫልዶ ባኞሊ በ1981 ሲረከበው ቡድኑ በሁለተኛው ሊግ፣ በሴሪ ቢ ነበር። በ1982 ወደ ሴሪ ኣ አሳደገው፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት 4ኛና 6ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ1983 እና በ1984 የጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። ተጫዋቾቹ ፋና እና ጋልዴሪሲ ከጁቬንቱስ የመጡ ናቸው፤ ግብ ጠባቂው ጋሬላ ደግሞ በላዚዮ ሳለ በስህተቶቹ የተነሳ መሳለቂያ ሆኖ የነበረ ሰው ነው። በ1984 ክረምት ጀርመናዊው ብሪግልና ዴንማርካዊው ኤልክዬር ሲጨመሩ፣ ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቶ የቀረው ጣሪያው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1984 በመጀመሪያው ጨዋታ ናፖሊን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ማራዶናን የያዘው ብሪግል ነበር፤ ጎልም አስቆጥሯል።

«በዚያ ዓመት ዳኞች በዕጣ ስለተመደቡ ነው» የሚሏችሁ ይኖራሉ። ዕጣው እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት በዳኞች ምደባ ትላልቆቹ ክለቦች ይወደዱ ነበር የሚለውን ጥርጣሬም አላጣጥልም። ነገር ግን በ30 ጨዋታ 19 ጎል ብቻ የተቆጠረበትን የተከላካይ መስመር ዕጣ አልሠራውም። ኤልክዬር አንድ ጫማው ወልቆ በካልሲ ብቻ በቀረው እግሩ ጁቬንቱስ ላይ ያስቆጠረውን ጎልም ጻፉት፤ ውብ ነው፤ ሆኖም ጨዋታው ያለቀው 2 ለ 0 ስለነበር ያ ጎል ባይኖርም ቬሮና ያሸንፍ እንደነበር ጨምሩበት።

ከሁሉ በላይ ዓይናችሁን በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ፣ ብዙዎቻችን በምንዘለው የአቻ ዓምድ ላይ አሳርፉ። ቬሮና 15 ጊዜ አሸንፎ፣ 13 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ 43 ነጥብ ሰበሰበ፤ ሁለተኛው ቶሪኖ 39 ነበረው። በዚያን ጊዜ ድል የሚያስገኘው 2 ነጥብ ስለነበር አቻ የድል ግማሽ ነበረች፤ በተቀናቃኝ ሜዳ የተገኘች አቻ ደግሞ የነጥብ ልዩነቱ እንዳይጠብብ የምታደርግ ትልቅ ሀብት ነበረች። ባኞሊ ይህን ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ሊያሸንፍ በማይችልበት ቀን እንዳይሸነፍ አድርጎ ያጫውት ነበር። እኔ በዚያ ጽሑፌ ስለዚህ አንድም መስመር አላሰፈርኩም።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1985 ቬሮና አንድ ጨዋታ እየቀረው ቤርጋሞ ላይ ከአታላንታ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ዋንጫውን ያረጋገጠችው ነጥብ ያቺ 13ኛዋ አቻ ነበረች።