ቀሪውን መርፌ ይዛ ወደ ዘጌ ብትመለስ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ዘጌ የምትኖረው የ62 ዓመት እናቴ ባለፈው ሳምንት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ውጋት ሲበረታባት በጀልባ አምጥተናት ሆስፒታል ተኛች። የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሴፍትሪያክሶንና ሰልባክታም የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ያሉበት የዱቄት መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለለቀቃት፣ የቀረውን የ4 ቀን መርፌ በጤና ተቋም እየተመላለሰች እንድትጨርስ ታዝዞላት ወጣች። እርሷ ግን የቡና ለቀማ ስለደረሰ ቤቴ ካልገባሁ ብላ አስቸግራናለች። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ «እኔ እወጋታለሁ፤ እንዳያማትም በማደንዘዣ እበጠብጠዋለሁ» ብለውናል። ብልቃጦቹን ይዛ ብትሄድ ምን ችግር አለው? ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ መሆኑስ አይበዛባትም? በወጣትነቷ ፔኒሲሊን ተወግታ ሰውነቷ ሽፍ ብሎባት እንደነበር ትናገራለች።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎን ትኩሳቱ ስለለቀቃቸው እግዚአብሔር ይመስገን። ብልቃጦቹን ይዘው ወደ ዘጌ እንዲሄዱ ግን አልመክርም። ይህን የምለው የጎረቤታችሁን ደግነት ወይም የእጃቸውን ልምድ ተጠራጥሬ አይደለም። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው መርፌ መውጋት አይስትም፤ የዚህ መድኃኒት አደጋ ያለው ግን ከመውጋቱ በፊት በሚደረገው መበጥበጥና ከተወጋ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ከመበጥበጡ ልጀምር። ጎረቤታችሁ ማደንዘዣ ያሉት ሊዶካይን ነው። ሴፍትሪያክሶን በጡንቻ ሲወጋ በጣም ስለሚያም፣ ለጡንቻ በሚሰጥበት ጊዜ በ1 ፐርሰንት ሊዶካይን መበጥበጡ የታወቀ አሠራር ነው። ነገር ግን በሊዶካይን የተበጠበጠ መድኃኒት በምንም ምክንያት በደም ሥር መግባት የለበትም፤ ሊዶካይኑ የልብን ምት ሊያዛባና ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለእናትዎ የታዘዘው ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒት እንዲገባበት በደም ሥር ተሰክቶ የሚቆየው ቀጭን ቱቦ፣ ከእጃቸው ሳይነቀል ወደ ቤት ከሄዱ፣ ለጡንቻ ተብሎ የተዘጋጀው ሲሪንጅ በዚያው በኩል ሊገባ የሚችልበት ስሕተት በጣም ቅርብ ነው። ከደም ሥር ወደ ጡንቻ መለወጡ ራሱ የአዛዡ ሐኪም ውሳኔ እንጂ የወጊው ምርጫ አይደለም።

ሁለተኛው የመበጥበጥ ጉዳይ ከዚህም ይበልጥ ያሳስበኛል። በእኛ አካባቢ ተሰቅሎ የሚንጠባጠብ ከረጢት ሁሉ «ጉሉኮስ» ይባላል፤ ሆኖም ከረጢቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ ካልሲየም አለበት፤ ሴፍትሪያክሶን ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ደግሞ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሪንገር በሚወርድበት ቱቦ ይኸው መድኃኒት ሲገባ፣ ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ እንደ አጓት ሲደፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ነርሷ ወዲያው ቱቦውን ቆልፋ ስለነቀለችው በሽተኛው ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የከረጢቱን ጽሑፍ ሳላነብ መድኃኒት አስረክቤ አላውቅም። ለአዋቂ ሰው ሁለቱ በየተራ ሊሰጡ የሚችሉት በመካከሉ ቱቦው በሌላ ተስማሚ ፈሳሽ በደንብ ታጥቦ ነው። ዕድሜያቸው ከ28 ቀን ያልበለጠ ጨቅላዎች ግን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጣቸው ከሆነ ሴፍትሪያክሶን ጨርሶ አይሰጣቸውም፤ ዝቃጩ በሳንባቸውና በኩላሊታቸው ተገኝቶ ሕይወታቸው ያለፈ ጨቅላዎች አሉና።

በትክክል የተበጠበጠው መድኃኒት ፈዛዛ ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፤ መልኩ ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ያልሟሟ ፍርፋሪ ወይም ድፍርስ ካለበት ግን ይጣላል። የተበጠበጠ ትራፊም ለማታ ተብሎ አይቀመጥም።

ሁለት መድኃኒት መሆኑ አይበዛም ወይ ላሉት፣ ሰልባክታም የመጣው በሽታውን በሁለት በትር ለመምታት አይደለም። እንደ ኢ ኮላይ ያሉ የሽንት ቧንቧንና ኩላሊትን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች ሴፍትሪያክሶንን የመሰሉ መድኃኒቶችን የሚሰብር ኢንዛይም ሊያመርቱ ይችላሉ። ሰልባክታም የጣና ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ እንደሚሰካው ትል ነው፤ ኢንዛይሙ እርሱን ጎርሶ ተይዞ ሲቀር፣ ሴፍትሪያክሶን ሳይሰበር ባክቴሪያውን ይገድላል። ኢንዛይሙን የማያመርት ባክቴሪያ ከሆነ ሰልባክታም የሚጨምረው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል፤ ለሰልባክታም የማይበገሩ ኢንዛይሞችም አሉ። ጉንፋንንና ሌሎች በቫይረስ የሚመጡ ሕመሞችን ደግሞ ሁለቱም አይነኩም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች ስለሚደርሱኝ ይህን እግረ መንገዴን መናገሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንን የመደበው ባክቴሪያዎች በቀላሉ ሊላመዷቸው ስለሚችሉ አጠቃቀማቸው በቅርብ ክትትል ሊደረግበት ከሚገባ አንቲባዮቲኮች ጋር ነው።

የፔኒሲሊኑን ነገር ለሐኪሙ ነግረውት ነበር? ካልነገሩት ዛሬውኑ ይንገሩት። ሽፍታ ብቻ ነበር ወይስ ፊታቸውና ከንፈራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር የሚለውን ከእናትዎ አጣርተው ይጠይቁ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነውና። ፔኒሲሊን የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሴፍትሪያክሶንን ያለ ችግር ይወስዳሉ፤ የፔኒሲሊኑ ሕመም ብርቱ ከነበረ ግን መድኃኒቱ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ደግሞ ሊያስብበት ይገባል። እናትዎ ሦስት ቀን ምንም ሳይሆኑ መውሰዳቸው የሚያጽናና ቢሆንም፣ አለርጂ በማንኛውም መርፌ ላይ ሊነሣ ይችላል። ሲነሣ ሕይወት የሚያተርፈው ወዲያው በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የአዋቂው መጠን 0.5 ሚሊግራም ነው። ጎረቤታችሁ ቤት አድሬናሊን የለም፤ ጀልባው ከዘጌ ባሕር ዳር ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ጉሮሮው እያበጠ ያለ ሰው ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ መርፌው አድሬናሊን ባለበት ጤና ጣቢያ ይሰጣቸው፤ ከተወጉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቀመጡ።

የምሽቱ መርፌም «ደህና ነኝ» ተብሎ አይዘለልም። የሴፍትሪያክሶን መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 8 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ ሰልባክታም ግን በ1 ሰዓት ገደማ ነው የሚቀንሰው፤ ቀድሞ የሚያልቀውን ሰልባክታም የሚተካው የምሽቱ መርፌ ነው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢሆን፣ እስከ ሁለት ወር ድረስ፣ ውኃ የመሰለ ተደጋጋሚ ተቅማጥ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከመጣ ማቆሚያ ክኒን ገዝተው ሳይሰጧቸው ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ካለም ይናገሩ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

አሁን ዋናው ምክሬ ይህ ነው። የመጀመሪያው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ሽንታቸው ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለሚለይ ምርመራ) ተወስዶ ከሆነ ውጤቱ በእነዚህ ቀናት ይደርሳል። ነገ ጠዋት የመውጫ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ተኙበት ክፍል ይሂዱና ውጤቱ ደርሶ እንደሆነ፣ ደርሶም ከሆነ ቀሪው ሕክምና በክኒን ሊተካ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ትኩሳቱ የለቀቀው፣ ምግብ የሚበላና የማያስመልሰው ታካሚ ባክቴሪያው በክኒን የሚገደል ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ክኒን ይዛወራል፤ ያን ጊዜ እናትዎ ክኒናቸውን ይዘው በሰላም ዘጌ ይገባሉ። ሐኪሙ መርፌው ይቀጥል ካለ ደግሞ 4ቱን ቀን እርስዎ ቤት ይሰንብቱ። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረው መርፌውን ከጠዋቱ 12 እና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ካደረጉት ባጃጅ አያጡም። ጎረቤታችሁም መርዳት ከፈለጉ፣ ቡናውን ያስለቅሙላቸው።