«ለራሴ ካዘንኩማ ዝርክርክ ሆኜ መቅረቴ አይደል?»

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። እኔ ባንክ ካሸር ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ማታ ሂሳብ ስዘጋ ብር ጎደለብኝ፣ ብቆጥር ብቆጥር የለም፣ በመጨረሻ ከደሞዜ ተቆረጠ። ብሩስ ይሁን፣ ከዛ ወዲህ ግን ራሴን መስደብ አላቆምኩም፣ አልጋ ውስጥ ገብቼ «አንቺ ደንባራ፣ ብር መቁጠር እንኳን ያቅትሽ?» እያልኩ ነው የሚነጋው። ጓደኛዬ ማይንድፉልነስ ሞክሪ ብላ የዩቲዩብ ሊንክ ላከችልኝ። እኔ ደግሞ ቤተክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፣ የሌላ እምነት ነገር እንዳይሆን ፈራሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ «ለራስሽ እዘኚ» ይላል። ለራሴ ካዘንኩማ ዝርክርክ ሆኜ መቅረቴ አይደል?
(ካሸሯ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ከእምነቱ ልጀምር፣ እሱ ካልተፈታ ሌላውን ብነግርሽም አትሰሚኝም። ማይንድፉልነስ ማለት አሁን እየሆነ ያለውን ሳይፈርዱ ልብ ብሎ ማየትን መለማመድ ነው፣ ሥሩም ከቡድሂዝም ነው፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ዛሬ ሐኪም ቤት የሚሰጠው ዓይነት የተጀመረው በፈረንጆቹ 1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ስኩል ነው፣ የጀመረው ጆን ካባት-ዚን ደግሞ መነኩሴ ሳይሆን በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው፣ ከህመም ጋር ለሚኖሩና ሕክምናው ብዙም ላልረዳቸው ሰዎች ብሎ የ8 ሳምንት ኮርስ አዘጋጀ። ኮርሱ ውስጥ የሚመለክም የሚጸለይለትም የለም። ቅር ካለሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ጸሎትሽን ግን የሚነካብሽ ነገር የለውም፣ እሱ በቦታው ነው።

ኮርሱ ላይ መጀመሪያ የሚያሠሩት ነገር በጣም ያስቃል፣ አንድ ፍሬ ዘቢብ ሰጥተው ቀስ ብላችሁ ብሉ ነው የሚሉት። አንቺ በገብስ ቆሎ ሞክሪው። አንዲት የገብስ ፍሬ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እያት፣ መሃሏ ላይ ያለችውን ስንጥቅ፣ አመድ የመሰለውን ፍቅፋቂ፣ ከዛ አሽትቻት፣ ከዛ ምላስሽ ላይ አስቀምጠሽ ሳትነክሺ ትንሽ ቆዪ። አምስተኛ ሰከንድ ላይ ሐሳብሽ ባንክ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ችግር የለውም! መሄዱን ስታውቂ ወደ ቆሎዋ መመለስ ነው፣ ሥራው ይሄው ነው። ብዙ ሰው «ጭንቅላቴ ባዶ አልሆን አለኝ» ብሎ ያቆማል፣ ባዶ ይሁን ያለ ግን የለም።

አሁን ወደ ስድቡ። እስቲ ጎንሽ ያለችው ካሸር ብር ጎድሎባት ስታለቅስ ብታያት «አንቺ ደንባራ» ትያታለሽ? አትዪም። «አይዞሽ፣ እኔም ደርሶብኛል፣ ነይ ቡና እንጠጣ» ነው የምትያት። ለሷ የሚገባው ለአንቺ የማይገባበት ምክንያት ምንድነው? ክሪስቲን ኔፍ የምትባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከፈረንጆቹ 2003 ጀምራ ስትጽፍበት የቆየችው ይሄው ለራስ ማዘን ነው፣ ሦስት ነገር አንድ ላይ ነው ትላለች፦ የተሰማሽን ሳታጋንኚም ሳትሸሽጊም ማየት፣ ይሄ በሰው ሁሉ እንደሚደርስ ማስታወስ፣ ከዛ ለራስሽ ደግ መሆን። እኔ ከሦስቱ መሃለኛውን ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ማታ ራሱን የሚሰድብ ሰው በዓለም ላይ የተሳሳተ እሱ ብቻ ይመስለዋል፣ ብር ያልጎደለበት ካሸር ግን እስቲ ፈልጊና አምጪልኝ።

ዝርክርክነቱን በተመለከተ የፈራሽው ተገላቢጦሽ ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ የአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ፣ ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ተሰጥቷቸው ወደቁ፣ ከዛ ለተወሰኑት «ከከበዳችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ በራሳችሁ አትጨክኑ» የሚል መልእክት ተነገራቸው፣ ለሁለተኛው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት እነዚህ ናቸው። እኔን ብዙም አልገረመኝም። የሚገረፍ ልጅ ጥፋቱን ይደብቃል እንጂ አያርምም። አንቺም ሁለት ወር ሙሉ ስትሰድቢ የጎደለው የቱ ጋ ሊሆን እንደሚችል ተረጋግተሽ ያሰብሽበት አንድ ማታ አለ? ስድቡ ጊዜውን በላው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስድቡ ሲጀምር አትከራከሪው፣ «ይኸው መጣ» በዪ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ለባልደረባሽ የምትያትን ያንኑ ቃል በራስሽ ስም ጠርተሽ ለራስሽ በዪው። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ውሸትም ይመስላል፣ ይሁን። መስኮት ላይ ደግሞ አንዱ ደንበኛ ሄዶ ሌላው እስኪጠጋ የእግርሽ መዳፍ ወለሉን ሲነካ ይሰማሽ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ከዛ «አቤት»።

ጥያቄ፦ ከሳዑዲ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአፕ ሜዲቴሽን ጀምሬ ነበር፣ ዓይኔን ስጨፍን ግን መንገድ ላይ ያየሁት ሁሉ ይመጣብኛል፣ ልቤ ይመታል። እምነት ጎድሎኝ ነው ወይስ ልቀጥል? ሐኪም የሰጠኝን መድኃኒት ትቼስ በዚህ ብቻ ብሞክር?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይን መጨፈኑን ተው። ምንም አልጎደለህም፣ ክፉ ነገር ያየ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ጥሩ አስተማሪ ቢኖርህ ገና ሲጀምር ይነግርህ ነበር። ዓይንህን ገልጠህ፣ እግርህን መሬት አስረግጠህ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስሙ ጥራ፣ በር፣ ጀሪካን፣ ካላንደር። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከከበደህ ተነስተህ ውጣ፣ እየተራመድክ የእግርህን ኮቴ አዳምጥ፣ እሱም ልምምድ ነው።

መድኃኒቱን ግን በራስህ እንዳታቆም። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን የ8 ሳምንቱን ኮርስ፣ ግማሹን ኤሲታሎፕራም የሚባለውን መድኃኒት ሰጥቶ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን እነዛ ሰዎች በሠለጠነ አስተማሪ ነበር የሚማሩት፣ ቤታቸውም በየቀኑ 45 ደቂቃ እንዲሠሩ ታዘው ነው፣ ጥናቱም በጭንቀት ላይ እንጂ አንተ በነገርከኝ ዓይነት ትዝታ ላይ አልነበረም። መድኃኒቱን ወዳዘዘልህ ሐኪም ተመለስና ስጨፍን እንዲህ ይሆናል ብለህ ይሄንኑ ለእኛ የጻፍከውን ንገረው። እሱን ካላገኘኸው በየከተማው ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርስ ጠይቅ፣ አዲስ አበባ ከመጣህ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። እንቅልፍ ጭራሽ ከጠፋ ወይም ራስህን ስለመጉዳት ማሰብ ከጀመርክ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ሰው ይዘህ ያኔውኑ ሂድ።