ታይታኒክን የት ላይ ልቁረጣት?

አንድ የቴክኒክና ሙያ መምህር ጽፈውልኛል። ከተማሪዎቻቸው ጋር የታይታኒክን አምሳያ ከስስ ላሜራ እየሰሩ ነው። መጠኑ 1 ለ200 ነው። ገንዳ ውስጥ አስምጠው ሊያሳዩ አስበዋል። ችግሩ፣ ከአደጋው የተረፉት ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ «ለሁለት ተሰበረች» ሲል ሌላው «እንዳለች ነው የገባችው» ይላል። «የማንን ቃል ይዤ ልስራ? ብትሰበርስ የት ላይ ልቁረጣት?» ይላሉ።

መምህር፣ ይቁረጧት። እ.ኤ.አ. በ1985 ስብርባሪዋ ሲገኝ የፊቷና የኋላዋ ክፍል ወደ 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በ600 ሜትር ገደማ ተራርቀው ነበር። በብረት ስራ የተሰበረው ብረት ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የማሽኑ ኦፕሬተር ወሬ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የምስክሮቹን ቃል ግን አይጣሉት። ለተማሪዎችዎ ከአምሳያው የማይተናነስ ትምህርት አለው። ሁለተኛው መኮንን ላይቶለር ለመርማሪዎች «አልተሰበረችም» ብሎ ድርቅ አለ። የ17 ዓመቱ ጃክ ታየር ደግሞ ስትሰበር አየሁ አለ። የሚገርመው ሁለቱም ነፍሳቸው የተረፈችው በአንዲት የተገለበጠች ጀልባ ጀርባ ላይ ነው። ተሳፋሪው ኮሎኔል ግሬሲም እዚያችው ጀልባ ላይ ነበር፤ እሱም አልተሰበረችም ባይ ነው። ግሬሲን ግን መርከቧ ይዛው ገብታ ነበር፤ ብቅ ሲል እሷ የለችም። ታዲያ ምኑን አየ? የሱ ቃል ግምት ነው። ተማሪዎችዎ በእያንዳንዱ ምስክር ላይ ይህን ይጠይቁ፦ በዚያች ደቂቃ የት ነበር? ያየውን ነው የሚናገረው ወይስ የገመተውን?

ጨረቃ አልነበረችም። የመርከቧ መብራትም ልትሰምጥ ስትል ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ከዋክብትን የጋረደ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ድምጹን ብዙዎች ሰምተውታል። አንዳንዱ ቦይለር (ለሞተሮቹ እንፋሎት የሚያፈላው ጋን) ፈነዳ ብሎ ተረጎመው። ከተሰበረችበት ቦታ የወደቁት አምስት ቦይለሮች ግን ሳይፈነዱ ነው የተገኙት።

የእንግሊዙም የአሜሪካውም ምርመራ ግን አልተሰበረችም ብሎ ዘጋው። በኔ ግምት የመኮንን ቃል ከመርከበኛና ከልጅ ቃል በላይ ከበደባቸው። በ7 ዓመቷ ከአደጋው የተረፈችው ኢቫ ሃርት ተሰብራለች ስትል ነው የኖረችው፤ ልክም ነበረች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በታየር ስም የሚዞረውን ንድፍ አይገልብጡ። የሳለው ሌላ ሰው ነው፣ የተረፉትን ባነሳችው በካርፓቲያ መርከብ ላይ የነበረ ተሳፋሪ። እዚያ ላይ የፊቷ ክፍል ከተሰበረ በኋላ ተመልሶ ብቅ ይላል። ውኃ የሞላው ብረት እንዲህ አያደርግም። ታየር መሰበሯን አልሳተም፤ ስዕሉ ግን አያሰራም።

አሁን ወደ ቆረጣው። መርከቧ 269 ሜትር ነበረች፤ የእርስዎ 1 ሜትር ከ35 አካባቢ ትመጣለች። ስብራቱ ሦስተኛው ጭስ ማውጫ አካባቢ ነው። ከፊት 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላ 53 ገደማ ይያዙ። መሃል የሚተርፈው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በእውነተኛዋም ይህ ክፍል ተሰባብሮ ነው የወረደው። እሱን ከፊተኛው ጋር አያይዘው ይተዉት፤ አለበለዚያ ስራው አያልቅም።

ላሜራው በራሱ ክብደት ይሰበራል ብለው እንዳይጠብቁ። በዚህ መጠን ብረት በጣም ጠንካራ ነው። የፊቷ ክፍል ውኃ ሲሞላ ኋላዋ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ የላይኛው ወለል ይወጠራል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ስለዚህ ከላይ ይከፈት፣ ከታች ይያዝ። ሁለቱን ክፍሎች ከታች በማጠፊያ ያገናኙ፤ ከላይ በትንንሽ ማግኔቶች። በስታኞ ነካ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ እንደገና መበየድ ሊኖርብዎ ነው። መጋጠሚያው ላይ ግሪስ ይቀቡ፣ ቀድሞ ውኃ እንዳያስገባ። ከኋላ፣ ሞተሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ፣ የብረት ቁራጭ ያስቀምጡ። ማግኔቱን የሚያላቅቀው ይህ ክብደት ነው። ካልተላቀቀ ማግኔት ይቀንሱ።

የፊተኛውን ክፍል ውስጡን ከግራ ወደ ቀኝ በሚያቋርጡ ግድግዳዎች ይከፋፍሉት። ካልተከፋፈለ ውኃው ወደ አንድ ጎን ይሸሽና አምሳያው በጎኑ ይገለበጣል። ታይታኒክ ብዙም ሳታጋድል ነበር የሰመጠችው። የማዕዘኑም ነገር፦ ፖስተር ላይ እንደምናያት ቀጥ ብላ ሳትቆም ነው የተሰበረችው። ኋላው በጣም ሳይነሳ ማግኔቱ ቢለቅ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከስብራቱ በኋላ የቀረው ጅራት ነው።

የማጠፊያው ፒን ላይ ደግሞ ቀጭን የናይለን ክር ይቋጥሩ። የፊተኛው ክፍል ኋለኛውን ጥቂት ጎትቶ ሲያበቃ ክሩን ይሳቡት፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ገንዳው ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ፊተኛው ክፍል ተንጠልጥሎ ወለሉን እንዳይነካ።