ከዕፅዋት ወደ አንጎል፦ በየትኛው በር ልግባ?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኬሚስትሪ እመረቃለሁ። የአንጎል ብግነትን ሊቀንሱ የሚችሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። በተለይ ኩርኩሚን ይስበኛል። ማስተርሴን ፋርማኮሎጂ ልማር ወይስ ኒውሮሳይንስ?

መልስ፦ እንኳን ለመመረቅ አበቃሽ! ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ኩርኩሚን ትንሽ እናውራ።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ይህ ንጥረ ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ጎበዝ ነው። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ተቆጥተው ብግነት የሚያባብሱ ሳይቶካይን የተባሉ ፕሮቲኖችን ሲለቁ ያረጋጋቸዋል። ጣጣው ሰው ሲውጠው ነው። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ የገባውንም ሰውነት ቶሎ ይለውጠዋል። ደምን ከአንጎል የሚለየውን ግድግዳ አልፎ ምን ያህል እንደሚደርስ አንቺው ገምቺ። ይባስ ብሎ ራሱ ብርሃን ስለሚሰጥና ቶሎ ስለሚበላሽ የምርመራ ውጤት ያሳስታል። በ2017 የታተመ የመድኃኒት ኬሚስቶች ግምገማ እስከዚያ ድረስ ታካሚውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱም አልተሳካም ብሎ ደምድሟል።

ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ከተክል የተገኘ ሞለኪውል አንጎል መድረስ ይችላል። ጋላንታሚን ለአልዛይመር ሕመምተኞች ይታዘዛል፤ የሚሠራው ግን ብግነት በመቀነስ ሳይሆን የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። ከካናቢስ ተክል የሚገኘው የተጣራ ካናቢዲዮልም በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። ከኩርኩሚን ጽሑፎች ክምር ይልቅ የእነዚህን የሁለቱን መንገድ ብታጠኚ ይሻልሻል።

በላብራቶሪ ሳህን ላይ ብግነት የሚቀንስ ንጥረ ነገር ሞልቷል። የጠፋው ምን ያህሉ አንጎል እንደደረሰ የሚለካና ሞለኪውሉን እንዲደርስ አድርጎ የሚያስተካክል ሰው ነው። ይህ ደግሞ የኬሚስት ሥራ ነው! ስለዚህ ከሁለቱ ፋርማኮሎጂን እመርጥልሻለሁ፤ እሱም መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚያጠና ቡድን ካለው። የመድኃኒት ኬሚስትሪ ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። ኒውሮሳይንስ ከእንስሳት ጋር መሥራትና ረጅም የማይክሮስኮፕ ሰዓት ይጠይቃል። ያንን ከወደድሽው ብቻ ግቢበት።

አማካሪ ስትመርጪ ስለ ርዕሱ ብዙ አትጨነቂ። ማስ ስፔክትሮሜትሩ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው መሣሪያ) ይሠራል? ተማሪዎች ራሳቸው ይነኩታል? የቀድሞዎቹ የት ተቀጠሩ? ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። በዚህ መሣሪያ የመሥራት ክህሎት በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ በምግብ ምርመራና በፎረንሲክ ላብራቶሪም እንጀራ ይሆንሻል።

በነገራችን ላይ፣ «አንጎል የሚያድስ» ክኒን የሚሸጡ ድርጅቶችም ኬሚስት ይቀጥራሉ። ደመወዙ ያጓጓ ይሆናል። ከመፈረምሽ በፊት ስምሽ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚሰፍር አረጋግጪ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽ ገና ካላለቀ፣ አሁኑኑ የኤችፒኤልሲ (የድብልቅን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ሥራ የሚጨመርበት መንገድ ካለ መምህርሽን አነጋግሪ።