ሰልባትዮው ሲሞላ የምትቆም ቮልስ

ሰበታ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር በአውሮፓ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ስለሆነችው 1300 ቮልሳቸው ጽፈውልኛል። ወደ መርካቶ ሲጓዙ ዓለም ገናን አልፈው አየር ጤና አካባቢ ሲደርሱ መኪናዋ ትንተፋተፍና ጉልበት አጥታ ትቆማለች። ሩብ ሰዓት ካረፈች ትነሣለች። ሁለት ጊዜ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮላታል፤ ካርቡሬተሯ ሦስት ጊዜ ተፈትቷል። አንዱ መካኒክ «ቤንዚኑ እየፈላ ነው» ብሎ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሸኝቷቸዋል። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ ሁለት ነገር ጠቅሰዋል፦ የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ክዳን ማደያ ተረስቶ በመቅረቱ ሶማሌ ተራ ወርደው የገጠመውን መግዛታቸውን፣ ደግሞም መኪናዋ የምትቆመው ሰልባትዮው ሞልቶ ሳለ እንጂ ሩብ ሲቀረው አለመሆኑን።

ጋሼ፣ ፓምፑን ይተዉት። ችግሩ ክዳኑ ነው። በእጄ ሳልነካው እንዲህ ደፍሬ የምናገረው ስለዚያች የመጨረሻ መስመር ነው። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ የሚያስቸግርዎ ሰልባትዮው ሊያልቅ ሲል ነበር። ሰልባትዮዋ ሞልቶ የምትቆም፣ ሲጎድል የምትሄድ መኪና ትንፋሽ አጥታለች፤ የገዙት ክዳን አየር አያስገባም ማለት ነው።

ጀሪካን ላይ ያስቡት። ውሃ የሞላበትን ጀሪካን ሲደፉት ጉልግል እያለ፣ እየቆመ እየቀጠለ ይወርዳል። ለሚወጣው ውሃ ምትክ አየር መግባት አለበት፤ መግቢያው ደግሞ ያው መውጫው ስለሆነ ሁለቱ ይጋፋሉ። የዘይት ቆርቆሮ ላይ ሁለት ቀዳዳ የምንበሳው ለዚሁ ነው። ሰልባትዮም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ከወጣ የአንድ ሊትር ቦታ አየር መግባት አለበት። የእርስዎ ቮልስ 40 ሊትር ያህል ትይዛለች። አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። አየር ጤና እስኪደርሱ ከአንድ ሊትር በላይ ሲቃጠል ያ ጥቂት አየር ተለጥጦ ባዶውን ሊሞላ ይታገላል፣ ግፊቱም በፍጥነት ይወርዳል። ሰልባትዮው ሩብ ላይ ሲሆን ግን ከላይ 30 ሊትር ያህል አየር አለ፤ አንድ ሊትር ቢጎድል አይታወቀውም። በአዲስ አበባ ከፍታ የሰልባትዮው ውስጥ ግፊት በ10 በመቶ ብቻ ቢወርድ፣ ፓምፑ ቤንዚኑን አንድ ሜትር ተጨማሪ ወደ ላይ እንዲያነሣ የተፈረደበት ያህል ነው። ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ወደ 70 ኪሎ ግራም ክብደት ከውጭ ይጫነዋል። ሰልባትዮ ወደ ውስጥ ተጨርምቶ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

«ፈልቷል» ያለው መካኒክም ጨርሶ አልተሳሳተም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላው ሁሉ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል፤ የታፈነ ሰልባትዮ መስመሩን ሲስበው ይብስበታል። ግን እርጥብ ጨርቅ በሽታውን አይነካም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ስትቆም ሩብ ሰዓት አይጠብቁ። ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ የፊቱን ኮፈን ይክፈቱ፣ ጆሮዎን ወደ ክዳኑ ቀረብ አድርገው ቀስ ብለው ያላሉት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከገባ፣ ክዳኑን መልሰው ወዲያው ያስነሡ። ወዲያው ከተነሣች ነገሩ አለቀ። ድምፅ ከሌለና ካልተነሣች ግን ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ጥቅል) ይጠርጥሩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አጠገብዎ ሲጋራ የያዘ ሰው አይኑር። መብራት ጠፍቷል ብሎ ሰልባትዮ ውስጥ በሻማ ወይም በክብሪት የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል፤ እባክዎን የእጅ ባትሪ ይጠቀሙ፣ እሱንም አብርተው ነው የሚቀርቡት።

አሁን ወደ ምርጫው። ክዳን የሚመረጠው ሰልባትዮውን አይቶ ነው። አንገቱ አጠገብ ወይም ከላዩ ላይ ወደ ውጭ የሚወርድ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ይፈልጉ። ካለና ካልተደፈነ ድፍን ክዳን ይግጠሙ፤ በእርስዎ መኪና አፉ ኮፈኑ ሥር ስለሆነ ጭሱ (የቤንዚኑ ትነት) ወደ መቀመጫው እንዳይገባ ይህ ይሻላል። ቱቦው ካለ ግን ከተደፈነ፣ ከሰልባትዮው አላቅቀው በብስክሌት መንፊያ ይንፉት። አንዴ የመጣችልኝ መኪና ላይ ቱቦው ጫፍ ውስጥ ቡሎን ተወትፎ አግኝቻለሁ፤ ቤንዚን ሸተተኝ ያለ ሰው ያደረገው ነው። ቱቦ ከሌለ መተንፈሻ ያለው ክዳን ግድ ነው። ኋላ የመጡት፣ ጭሱን ወደ ከሰል ማጣሪያ የሚልኩ መኪኖች ድፍን ክዳን ይፈልጋሉ።

መግዣው ላይ «መተንፈሻ አለው» ሲሉዎት አይመኑ። ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ጋራዤ ውስጥ አንዱን ርካሽ ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቄዋለሁ። ከውስጥ በኩል የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለችው፤ ከጀርባዋ ግን ስፕሪንግም የጎማ ምላስም የለም፣ ድፍን ቆርቆሮ ነው። ቀዳዳዋ ለማስመሰል የተበሳች ናት። እንዲህ ያለ ዕቃ ሰውን መንገድ ላይ ያስቀራልና ያናድደኛል። ስለዚህ የአንገቱን ስፋትና የጥርሱን ጥልቀት በካሊፐር ለክተው ይሂዱ፤ አዲሱን ክዳን ገና ቤንዚን ሳይነካው በቀጭን የጎማ ቱቦ ከውስጥ በኩል በአፍዎ ይሳቡት። አየር መምጣት አለበት። ጎሚኒውም (የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ) ለስላሳ ይሁን።

ድፍኑን ክዳን በምስማር መብሳት የሚመክርዎት አይጠፋም። እንዳያደርጉት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ቤንዚኑ በቀዳዳው እየተረጨ ኮፈኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ጭሱ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። እሳት፣ ሲጋራ፣ ከሰል፣ ሁሉም ይራቅ።

ትክክለኛው ክዳን ከገጠመ በኋላ እርጥቡን ጨርቅ ያንሡት፣ ሰልባትዮውን ሞልተው አየር ጤናን አልፈው እስከ ጦር ኃይሎች ይንዱ። ሰልባትዮው ወደ ውስጥ ተጨርምቶ ካገኙትና ካላፈሰሰ እንዳለ ይተዉት። ለማቃናት ብሎ ወደ በያጅ መውሰድ ግን አይታሰብ፤ ቤንዚኑ ተቀድቶ ያለቀ ሰልባትዮ ውስጡ ጭስ ስለሆነ፣ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው እሱ ነው።