ጓሮ የተገኘው ክራር

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው። የአሥር ዓመቷ ልጄ ክራር ካልተማርኩ ብላ አልቅሳ ገዛንላት፤ አስተማሪም ቀጠርንላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሲሄድ "በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ትለማመድ" ብሎኝ ነው። ያቺ ግማሽ ሰዓት ግን ጦርነት ናት። ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ውኃ ይጠማታል፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ ጣቴን አመመኝ። ብቆጣት ታለቅሳለች፣ ብለማመጣት ትኮራብኛለች። እሁድ ፍቅር ሐይቅ አንሄድም ብዬ ባስፈራራትም አልሆነም። የአስተማሪው ክፍያ ከአስቤዛ ላይ ተቆርጦ እንደሆነ አባቷም አይገባውም።

ሰሞኑን ደግሞ ክራሩ ከቤት ጠፋ። ብፈልግ ብፈልግ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ተገኘ። እዚያ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ተከራይ አለችን፤ ልጇ የእኔዋ እኩያ ነው። ለካ ልጄ በየቀኑ ክራሩን እየወሰደች ስታስተምረው ኖራለች! አንድ ክርም በጥሰዋል። ለምን ብላት "እዚያ ሰዓት የሚይዝ የለም" አለችኝ፤ የልጅ ነገር። አባቷ "ቸር ናት፣ ተያት" ይላል። እኔስ ቸርነት መች ጠላሁ? ለፋሲካ ያጠራትን ልብስ ለይታ የምትሰጠው ራሷ ናት። ታዲያ ክራሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ልቆልፍበት? ወይስ ትምህርቱን ላስቁማት? እውነቱን ልንገርዎና ልጁ ከእሷ አሳምሮ ይመታል። ይህ ስላንገበገበኝ ክፉ ሰው ነኝ?

ስሜ ይቆይ

*

እህቴ፣

ቁም ሳጥኑን ተይው። "የልጅ ነገር" ብለሽ ያለፍሽው ቃል ላይ ነው እኔ የቆምኩት። ልጅሽ የሸሸችው ከስልክሽ እንጂ ከክራሩ አይደለም። የተማረችውን ለሌላ ልጅ ማሳየት ልምምድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ለማሳየት እኮ ራሷ ደጋግማ መምታት፣ የቱ ጣት የቱ ክር ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ፣ እሱ ሲስት መስማት አለባት። አንቺ በጭቅጭቅ ያጣሽውን እሷ ጓሮ ሄዳ አግኝታዋለች።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ልጅ ሙዚቃን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ከቤቱ እየሰማ ይማራል ባይ ነበር፤ ወላጅም ትምህርቱ ላይ እንዲገኝና መሣሪያውን በጥቂቱ እንዲሞክር ያደርግ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክሽን አስቀምጪና "እስቲ ለእኔም አሳዪኝ" በያት። መጀመሪያ ትዝታን ትቃኝልሽ፤ የክራር ክር ይረግባል፣ ያልተቃኘ ክራር ደግሞ አዋቂንም ያስመርራል። ስትሳሳቺ ትሳቅብሽ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ቀን አለመዝለሉ ነው ቁም ነገሩ። ጣቴን አመመኝ ማለቷንም ሰበብ ነው አትበይ፣ በተለይ ክሩ ብረት ከሆነ።

የባልሽ "ተያት" ግን አይዋጥልኝም። ያጠራትን ልብስ መስጠት ቁም ሳጥን ማጽዳት ነው፤ ይሄኛው የምትወደውን፣ ያውም ማንም ሳያዛት ማካፈል ነው። እንዲህ ያለው ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ በእንግዳ ፊትም "ቸሯ ልጄ" እየተባለ አይለፈፍበትም፣ ለምስጋና መስጠት ትለምዳለችና። ስትወስድ ነግራሽ ትውሰድ። የተበጠሰውን ክር ሁለቱ አብረው ይሰሩት፤ አስተማሪው አስተሳሰሩን ያሳያቸው።

ክፉ አይደለሽም፣ እናት ነሽ። ግን "እሱ እንዴት በለጠሽ?" የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ እለምንሻለሁ። ያን ቀን ወይ ልጁን ትጠላዋለች፣ ወይ ክራሩን ትጥለዋለች። ደግሞስ አሳምሮ ከመታ ያስተማረችው ማን ሆነችና?

ቅዳሜ አስተማሪው ሲመጣ ልጁም አጠገቧ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ግን እናቱን ቡና ጥሪያት። ክራሩን ስታገኚው ምን ብለሽ እንደወሰድሽው አልጻፍሽልኝም፤ በቁጣ ከሆነ፣ ይቅርታው ከቡናው ይቅደም።