ኮሮና በገባበት ዓመት ከገበሬ ላይ የተገዛ ቦታ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮሮና በገባበት ዓመት ከከተማ ወጣ ብለው ከገበሬ ላይ ቦታ የገዙ ወይም የተከራዩ አንባቢያን በዚህ ሰሞን ደጋግመው ጽፈውልናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ጉዳዩን ከተለያየ ወገን የሚያሳዩ ሦስቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ስማቸውን ትተነዋል።

ጥያቄ፦ በግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቻችን በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ታፍነው በነበረበት ጊዜ፣ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ከሚኖሩ አንድ ገበሬ ላይ 400 ካሬ ሜትር ቦታ ገዛን። ያገናኘን ደላላ ውሉን «የጎጆ ቤት ሽያጭ» ብሎ አጻፈው። ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ገንዘቡንም በጥሬው ከፍለናል። ከዚያም ቤት ሠርተን እስካሁን እየኖርንበት ነው። አሁን አካባቢው ወደ ከተማ ስለተካለለ ይዞታ እየተለካ መሆኑን ሰምተን ብንጠይቅ፣ በመዝገብ ላይ ያለው የገበሬው ስም ነው ተባልን። የገበሬው ልጆችም «ቦታው የእኛ ነው» ማለት ጀምረዋል። ውላችን በሕግ ፊት ምን ዋጋ አለው? ምንስ ማድረግ እንችላለን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጠየቁትን በቀጥታ ለመመለስ፣ በእጅዎ ያለው ውል የመሬቱ ባለይዞታ አያደርግዎትም። ይህን የምንለው የገጠማችሁን ችግር ሳንረዳ ቀርተን አይደለም። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከተገኘ በኋላ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ታክሲዎችም በግማሽ ወንበር በእጥፍ ዋጋ መጫን ጀመሩ። ግቢ የሌለው ቤተሰብ አየርና መላወሻ ፍለጋ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሰንዳፋና ወደ ሆለታ ዓይኑን ቢጥል የሚፈረድበት አይደለም። የሚፈረድበት፣ በዚያ ጭንቀት መካከል የማይሸጠውን ይሸጣል ብሎ ያገናኘውና ኮሚሽኑን ተቀብሎ የሄደው ደላላ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ መሬትም የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። ክልከላው ከሕገ መንግሥቱም የቀደመ ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ የገጠር መሬት መሸጥ እንደተከለከለ ነው። እናንተ ውል ስትፈራረሙ ይሠራበት የነበረው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ቢተካም፣ በዚህ ነጥብ የተለወጠ ነገር የለም። ገበሬው ያላቸው በመሬቱ የመጠቀም፣ ለልጆቻቸው የማውረስና በሕጉ ወሰን የማከራየት መብት ነው። ባለቤትነቱ የእርሳቸው ስላልሆነ ለእናንተ ሊያስተላልፉት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ውሉን «የጎጆ ቤት ሽያጭ» ብሎ መጻፍ የቆየ ዘዴ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራውን ቤት እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ፣ ደላሎች በዚያ በር ይገባሉ። በወረቀቱ ላይ «አንድ ክፍል ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት» ተብሎ የሚገለጸው ንብረት ብዙ ጊዜ ለፊርማው ሲባል የቆሙ ጥቂት የባህር ዛፍ እንጨቶችና ከላያቸው የተጣለ ቆርቆሮ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ የለም። ሽያጩን ብድር፣ ስጦታ ወይም የረጅም ዘመን ኪራይ አስመስለው የሚጽፉም አሉ። ዳኛ ግን የሚመለከተው የውሉን ርዕስ ሳይሆን ገንዘቡ በእርግጥ ለምን እንደተከፈለ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም የገጠር መሬት ሽያጭ ውል ሕገ ወጥ መሆኑን በተለያዩ መዝገቦች ወስኗል፤ የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በዚህ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ የሆነ ግዴታ የያዘ ውል እንደማይጸና ይናገራል፤ በአንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሰው ቤት በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን አያሟላም።

እንግዲህ የቀረላችሁ መብት ምንድን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ ያደርጋል። ይህም ማለት እናንተ ቦታውን፣ ገበሬው ደግሞ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን በጥሬው ስለከፈላችሁ ማስረጃችሁ ውሉና ምስክሮቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከተከፈለው ያነሰ ከሆነም ልዩነቱን ማስረዳት ይከብዳል። በዚያ ሳምንት ከባንክ ያወጣችሁበት ደረሰኝ ወይም የሂሳብ መግለጫ ካለ ከባንኩ አስወጥታችሁ ያዙ። ይህ ምክር ከእናንተ ሌላ ብዙ ሰው ይመለከታል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ በቤታቸው የነበረውን ጥሬ ገንዘብ በችኮላ ወደ መሬት የቀየሩ አንባቢያን በእጃቸው አንዳች የክፍያ ማስረጃ እንደሌላቸው ጽፈውልናል። ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ የሚመለሰው በቁጥር ያው የ2012 ብር ስለሆነ፣ ዛሬ ያንኑ ያህል ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንደማይገዛ አስቀድማችሁ ማወቅ ይገባችኋል።

ለሠራችሁት ቤት ወጪ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሆኖም ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ በመሆኑ ውጤቱ እርግጠኛ ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ካሳንም በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከተማው ሲደርስ ካሳ ወይም ካርታ ይሰጠናል ብለው የገዙ ብዙዎች ናቸው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካሳ የሚከፍለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የገጠር መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የሚሰጠው የልማት ተነሺ ካሳ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የሚሰላ ነው። የገበሬው ልጆች ዛሬ ድምፃቸውን ያሰሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የመብራት ቆጣሪ መግባቱን ወይም የነዋሪነት መታወቂያ ማግኘቱን እንደ ዋስትና የቆጠሩ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ ሲመሠረት በዙሪያው የፈረሱትን ቤቶች ያየ ሰው ያ ዋስትና እስከምን እንደሚዘልቅ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አድርጉ። ቦታው በሚገኝበት ክፍለ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ፣ ሰነድ አልባ ይዞታን ሥርዓት ለማስያዝ በሥራ ላይ ያለ መመሪያ እናንተን ይመለከት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመልከቻችሁን ቅጂም ገቢ ሆኖ ማኅተም ሳይመታበት ይዛችሁ አትመለሱ። «ካርታ አስወጣላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ምንም አትክፈሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ከገበሬውና ከልጆቻቸው ጋር በሽማግሌ ተቀመጡ። ሽማግሌዎች መሬቱን ሕጋዊ ሊያደርጉላችሁ አይችሉም፤ ነገር ግን የገንዘቡን መጠን በጽሑፍ ማሳመን፣ የሚመለስበትን ጊዜና ልጆቻችሁ ሜዳ ላይ ሳይወድቁ ቤቱን የምትለቁበትን ሁኔታ ማስማማት ይችላሉ። ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላም ቢሆን ያ ስምምነት ጠቃሚ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በወረርሽኙ ጊዜ ሥራዬ ከቤት ሆኖ ስለነበር፣ ወደፊት አገሬ ገብቼ ገጠር ለመኖር አስቤ ለአክስቴ ልጅ ገንዘብ ልኬ በትውልድ ቀበሌያችን ቦታ ገዛልኝ። የአሜሪካ ዜግነት አለኝ፤ ቢጫ ካርድም አውጥቻለሁ። ካርዱ መብት ይሰጠኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለዚህ አይሰጥዎትም። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ከመሆን እንዳይከለከል ያደርጋል፤ ሆኖም ለዜጋው ያልተፈቀደውን የገጠር መሬት ግዢ ለካርዱ ባለቤት አይፈቅድም። የአክስትዎ ልጅ በቀበሌው የሚኖር ገበሬ ከሆነ ደግሞ ቦታው በእርሱ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ነገሩ በዘመድ መካከል ጠብ ከማስነሳቱ በፊት የተላከውን ገንዘብ መጠንና የተላከበትን ምክንያት አሁኑኑ በጽሑፍ ተማመኑ። የገጠር አየር የሚፈልጉ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ባለች ትንሽ ከተማ ካርታ ያለው ቤት ከሕጋዊ ባለይዞታ ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት የካርታውን ትክክለኛነት፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩን በማዘጋጃ ቤቱ ያጣሩ፤ ክፍያውን በባንክ ያድርጉ፤ ውሉንም ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይፈራረሙ። ውክልና የሚሰጡ ከሆነ ለአንድ ቤት ግዢ ብቻ የተወሰነ እንጂ ሁሉን የሚያጠቃልል አይሁን።

ጥያቄ፦ ሆለታ አካባቢ የምንኖር የገበሬ ልጆች ነን። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ገበያ ተቀዛቅዞ ቤታችን በተቸገረበት ጊዜ፣ አባታችን መሬቱን በሙሉ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ለ40 ዓመት አከራይቶ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀበለ። እናታችን አልፈረመችም፤ ስሟ ግን በይዞታ ደብተሩ ላይ አለ። ተከራዩ አጥር አጥሮ የአፕል ችግኝ ተክሏል፤ አሁን ቤት ለመሥራት ድንጋይ እያስመጣ ነው። ገንዘቡ አልቋል፤ አባታችንም የሚያርሰው መሬት የለውም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ያሳዘነን ይህ ነው። የከተማው ሰው ባይሳካለት የሚያጣው ገንዘቡን ነው፤ አባታችሁ ግን የዕድሜ ልክ መተዳደሪያቸውን በአንድ ክረምት ችግር አሳልፈው ሰጥተዋል። ሕጉ ኪራይን የሚገድበውም ገበሬ እንዲህ ባለ ጊዜ ከመሬቱ እንዳይነቀል ነው።

ውሉ የሚፈርስበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬ ማከራየት የሚችለው ከይዞታው እስከ ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሆነ፣ ዘመኑም በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያለማ ከ15 ዓመት እንደማይበልጥ ደንግጓል። የአባታችሁ ውል መጠኑንም ዘመኑንም አልፏል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን የእናታችሁ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአንቀጽ 8 የኪራይ ውል በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰብ አባላት በሙሉ እንዲስማሙበት፣ ሥልጣን ባለው አካልም ጸድቆ እንዲመዘገብ ያዝ ነበር። እናታችሁ በደብተሩ ላይ የሰፈሩ ባለይዞታ ናቸው፤ አባታችሁ ያለ እርሳቸው ፈቃድ የእርሳቸውንም መብት ማከራየት አይችሉም ነበር።

በዚህ ምክንያት ክሱን እናታችሁ በራሳቸው ስም ቢያቀርቡት ይጠነክራል፤ አባታችሁም «የተቀበልኩትን መልሼ እንዴት እከሳለሁ» ከሚል ኀፍረት ይድናሉ። ከዚያ በፊት ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና በይዞታው ላይ የተመዘገበ የኪራይ ውል መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቁ። በክልሉ ሕግ የመሬት ክርክር በቅድሚያ ለቀበሌው ቀርቦ ሁለቱ ወገኖች በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ይታያል፤ ካልተስማሙ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚህ መካከል ተናድዳችሁ አጥሩን እንዳታፈርሱ፣ ችግኙንም እንዳትነቅሉ አጥብቀን እንመክራለን። እንዲህ ካደረጋችሁ ተከራዩ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳችኋል፤ በንብረት ማውደም ወንጀልም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የቤቱን ሥራ ለማስቆም ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ በቂ ነው፤ ድንጋዩ ግድግዳ ከመሆኑ በፊት ጠይቁ።

ስለ ገንዘቡ ስትጨነቁ ልክ ናችሁ፤ ውሉ ሲፈርስ መመለሱ አይቀርም። ሆኖም ተከራዩ መሬቱን ለዓመታት ተጠቅሞበታል፤ በክርክሩ የእነዚያ ዓመታት ኪራይ ከዋናው ገንዘብ እንዲቀነስ ጠይቁ፤ እርሱም የችግኞቹን ግምት መጠየቁ አይቀርም። ተከራዩ ቅን ሰው ከሆነና እርሻውን መቀጠል ከፈለገ፣ የመሬቱን ግማሽ ለአባታችሁ መልሶ በቀረው ላይ ሕጉ በሚፈቅደው ዘመን አዲስ ውል መዋዋል ይቻላል፤ ቀሪው ገንዘብም የዚያ ኪራይ ይሆናል። አዲሱ ውል በእናታችሁም ይፈረም፤ በወረዳው ይመዝገብ፤ መሬቱ ለእርሻ ብቻ እንደሚውልና የመኖሪያ ቤት እንደማይሠራበት በግልጽ ይጻፍበት።